የጾም ክኒን ይዤ ወደ መካነ ሰላም

መካነ ሰላም ሲባል ብዙ የአዲስ አበባ ሰው የገዳም ስም ይመስለዋል። እኔም በስድሳ ስድስቱ ዐቢይ ጾም እስክሄድ ድረስ ከዚያ የተሻለ አላውቅም ነበር። ከደሴ በስተምዕራብ፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብረውን የለጋምቦን ደጋ ተሻግሮ፣ ወደ አባይ በረሃ ከመወረዱ በፊት ያለች የቦረና ከተማ ናት። ቦረና ስል የደቡቡ እንዳይመስላችሁ፤ የወሎውን ማለቴ ነው። ዛሬ መንገዱ ተሻሽሎ መኪናው ይመላለሳል ይሉኛል። እኔ የማወራላችሁ ግን በበቅሎና በእግር ስለሚገባባት መካነ ሰላም ነው፤ እሷንም እንደናፈቅሁ አረጀሁ።

የሄድኩት ለአጎቴ ነው። መርጌታ ዘለቀ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነበሩ። አዲስ አበባ በአንድ ደብር ሲያገለግሉ ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ስለሆኑ አጎቴ ብያቸው አላውቅም፤ የኔታ ነው የምላቸው። ዕድሜ ሲጫናቸው "መቃብሬ ከአባቶቼ ጎን ይሁን" ብለው ወደ ትውልድ አገራቸው ሊመለሱ ተነሡ። ከመሄዳቸው በፊት ሐኪም ቤት ወሰድኳቸውና ደም ብዛት ተገኘባቸው። የደም ግፊት የሚለው ቃል ገና አልተለመደም ነበር፤ ሰው ሁሉ ደም ብዛት ነበር የሚለው። የኔታም ደልደል ያሉ፣ ቀይ፣ ማሕሌት ላይ ሲዘምሙ የአንገታቸው ሥር የሚገተር ሰው ስለነበሩ በሽታው በልካቸው የተሰፋ ይመስል ነበር።

መድኃኒት ቤት ስንገባ የኔታ ነጭ ካፖርት የለበሰውን ሰውዬ "ይህ ከምን ተሠራ?" አሉት። ሰውዬው ትዕግሥተኛ ነበር። "ዋናው መድኃኒት ሌላ ነው፤ ክኒን ሆኖ እንዲጠፈጠፍ ግን ከወተት የሚወጣ ስኳር ይገባበታል" አላቸው። የኔታ ክኒኗን በመዳፋቸው አገላብጠው አዩና "እንግዲያ ጾም ሲገባ እንተያያለን" አሏት። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

የካቲት ላይ አዲስ አበባ ታመሰች። ታክሲው ቆመ፣ አስተማሪው ቆመ፣ ወታደሩ ደመወዝ ጠየቀ፣ እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች "መሬት ላራሹ" እያልን ጉሮሯችን ተዘጋ። የወሎ ረሃብ ወሬም ከአፍ ወደ አፍ ይዞር ነበር። ትምህርት ተቋርጦ ቤቴ በተቀመጥኩበት አንድ ቀን አያ ሙሄ መጡ። አያ ሙሄ የአቀስታ ነጋዴ ናቸው። ባና የሚባለውን የለጋምቦ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ መርካቶ እያመጡ ይሸጣሉ፤ የየኔታን መልእክት ሁልጊዜ የሚያደርሱልን እሳቸው ነበሩ።

"መርጌታ ወድቀዋል" አሉኝ ገና ሳይቀመጡ። "ማሕሌት ቆመው ሳለ ዘጭ አሉ። ደሙ ራሳቸው ላይ ወጥቷል ይላል አገሩ። ክኒኑን ጾም ከገባ ወዲህ ወተት አለበት ብለው ጥለውታል። ልጃቸው እልፍነሽ 'አደራ ይድረስልኝ' ብላለች። እኔ ባናዬን ሸጬ ነገ ተነገ ወዲያ እመለሳለሁ፤ ትሄድ እንደሁ አብረን።"

እንዴት አልሄድ! ነገሩ የኔታ ብቻ ሳይሆን የሙያዬም ጉዳይ ነበር። የኬሚስትሪ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፤ ለመመረቂያዬም የተሰጠኝ ሥራ ያንኑ የደም ብዛት መድኃኒት በቤተ ሙከራ ከጥሬው መሥራት ነበር። ስንት ጊዜ አበላሽቼ፣ አንዱን ሱሪዬን በአሲድ በስቼ፣ መጨረሻ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነጭ ዱቄት አገኘሁ። ያ ዱቄት ለሰው የሚሰጥ አልነበረም፤ ግን ነገሩን ከነዘር ማንዘሩ አውቀው ነበር። ስለዚህ ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት እየዞርኩ "በወተት ስኳር ያልተጠፈጠፈ አለ?" ማለት ጀመርኩ። አንዱ ሳቀብኝ፣ አንዱ አበድክ አለኝ። ከፒያሳ በታች ያሉ አንድ ሽማግሌ ግን በየቆርቆሮው ውስጥ የታጠፈውን ወረቀት ሁሉ በአጉሊ መነጽር አንብበው በበቆሎ ስታርች የተጠፈጠፈ አገኙልኝ። ቆርቆሮውን ስቀበል የየኔታን ነፍስ የያዝኩ መሰለኝ።

በመጀመሪያው ቀን ጎሕ ሳይቀድ በአውቶቡስ ተነሣን። እስከ ደብረ ብርሃን እንቅልፍ፣ ጣርማ በር ላይ ጉም፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀት። አያ ሙሄ መስኮት ዳር አስቀምጠውኝ የሚታየውን ሁሉ የራሳቸው ማሳ ይመስል ያሳዩኛል። ከካራቆሬ ወዲያ ግን ጣታቸውን ሰበሰቡ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ሰው ተቀምጧል። አይለምንም፣ አይጮህም፤ ዝም ብሎ አውቶቡሱን ያያል። አዲስ አበባ ረሃቡን ስናወራው ድምፅ ነበረው፤ መፈክር ነበረው፤ እዚህ ድምፅ አልነበረውም። አውቶቡሱ ውስጥ ምሳውን የፈታ ሁሉ መልሶ ቋጠረ። አንዲት ሴትዮ የቋጠረችውን እንጀራ በመስኮት ወረወረችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔም ዳቦዬን ሰጠሁ፤ ሰጥቼም አልቀለለኝም።

ደሴ ያደርንበት ቤት አልጋው እንደ ጀልባ መሐሉ የጎደጎደ ነበር። አያ ሙሄና እኔ ከዳርና ከዳር ተኝተን መሐል ላይ ተገናኘን። አዲስ አበባ ቢሆን እነጫነጭ ነበር። እዚያ ግን ጣሪያ ያላገኘውን ሰው ስናይ ስለመጣን አልጋውን ማማት አሳፈረን።

በማግስቱ ወደ አቀስታ የሚሄድ የጭነት መኪና አገኘንና ከጨው ከረጢት ላይ ወጣን። ጉጉፍቱ ስንደርስ ብርዱ መጣ። የእንጦጦን ብርድ አውቃለሁ ብዬ ስኩራራ ለነበርኩት ለእኔ የጉጉፍቱ ንፋስ ልክ ልኬን ነገረኝ። በዚያች የከተማ ኮቴ ስንቀጠቀጥ አያ ሙሄ ሳይሸጡ የተረፋቸውን አንድ ባና ፈተው ጠቀለሉኝ። ጠረኑ በግ በግ ይላል፤ ሙቀቱ ግን የእናት ጉያ ነው። ጥርሴ መንገጫገጩን ሲተው ጠየቁኝ።

"ለመሆኑ ይኸ የያዝከው ነገር ተምን ተምን ነው የሚሠራ? ሐራም የለበትም?"

ደስ አለኝ። ተምሬ ተምሬ ሥራዬን ከልቡ የጠየቀኝ ሰው ጥቂት ነበር።

"መነሻው የድንጋይ ከሰል ነው" አልኳቸው። "ከሰሉ ታፍኖ ሲቃጠል ጥቁር ቅጥራን ይወጣዋል። ቅጥራኑን እንደ አረቄ ያነጥሩትና…"

"አረቄ!"

"እንደ አረቄ አልኩ እንጂ አረቄ የለበትም፤ አሳስቤዎት ከሆነ ይቅርታ። ሲነጠር የሚሸት ዘይት ይሆናል። ዘይቱን በአሲድና በክሎሪን አሳልፈው መልኩን ይለውጡታል። ከዚያ እርጥበት ሲነካው የሚጨስ ክፉ አሲድ አለ፤ እሱ ውስጥ ተቀቅሎ በረዶ ላይ ይደፋል። ቀጥሎ አሞኒያ ያጠጡታል። ጠዋት በረት ሲከፈት ዓይን የሚያስለቅሰው ሽታ የአሞኒያ ነው። መጨረሻ ላይ ፎርማሊን ይጨመራል።"

"ፎርማሊኑ ደሞ ምንድን ነው?"

"ሐኪም ቤት ሬሳ እንዳይበሰብስ የሚያደርጉበት ፈሳሽ።"

አያ ሙሄ ጥምጣማቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው አዩኝ። "አጃኢብ! ከሰል፣ የሚጨስ ውሃ፣ የበረት ሽታ፣ የሬሳ መድኃኒት። ይኸን ነው እኒያን ደግ ሰውዬ የምታበላቸው?"

"ሲያልቅ እኮ ነጭ ነው፤ ሽታም የለው። ሁሉም በየደረጃው ሌላ ነገር ሆኖ ነው የሚወጣው።"

"ተሆዳቸው ገብቶስ ምን ያደርጋል?"

"ትርፍ ጨውና ትርፍ ውሃ በሽንት ያስወጣል። ያኔ የደሙ ኃይል ይበርዳል።"

"ትርፍ" አሉ አያ ሙሄ ቃሏን እያላመጡ። ከዚያ ወዲያ እስከ አቀስታ ስለበግ ዋጋ ነው ያወሩኝ።

አቀስታ የገባነው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ቤቶቹ ዝቅ ያሉ፣ ድንጋያቸው የወፈረ፣ ደጃቸው ጠባብ ነው፤ ለብርዱ ጀርባቸውን የሰጡ ይመስላሉ። የአያ ሙሄ ባለቤት እትዬ ዘሀራ ደጃፍ ወጥተው "እሰይ፣ በኸይር መጣችሁ፣ አብሽሩ" እያሉ ተቀበሉን። እሳት ዳር አስቀመጡኝና ብድግ ብለው ወጡ። ብዙ ቆዩ። የሄዱት ለካ ክርስቲያን ጎረቤታቸው ዘንድ ድስት ሊዋሱ ኖሯል።

"የኔ ድስት ቅቤ ለምዷል" አሉኝ ሽሮውን እያቀረቡ። "አጥቤ ባበስልበት አታውቅም ነበር። ግን እኔ አውቃለሁ፤ አሏህም ያውቃል። ብላ የኔ ልጅ፣ ጾምህን አልነካሁብህም።"

አዲስ አበባ ለእኔ ጾም ብሎ ድስት የተዋሰልኝ ሰው የለም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም እስከዚያ ድረስ ጾሙን ይህን ያህል አልጠብቀውም ነበር። ያን ሽሮ ከበላሁ በኋላ ግን መጠበቅ ግዴታዬ ሆነ። እትዬ ዘሀራ ዛሬ የሉም። ሽሯቸው በርበሬው ጥቂት፣ ነጭ ሽንኩርቱ ብዙ ነበር።

በሦስተኛው ቀን በቅሎ ተጫነልኝ። ለመካነ ሰላም ገበያ የሚሄድ ጨው ስላላቸው አያ ሙሄም አብረውኝ ወጡ። መቼም ተማሪ ነኝ እንጂ ጋላቢ አይደለሁም። ቆርቆሮውን ከደረቴ ኪስ ከትቼ ስነሣ በቅሎዋ ሰገር ባለች ቁጥር ክኒኖቹ ውስጥ ለውስጥ ይንኳኳሉ። የመጀመሪያው ወንዝ ላይ ስንደርስ ጆሮዋን ቀስራ የነበረች በቅሎ ድንገት ዘለለችና እኔን ጭቃው ውስጥ ትታ ተሻገረች። አያ ሙሄ እየሳቁ አነሡኝ። "መድኃኒትህን ፈርታ ነው፤ ተምን እንደተሠራ ሰምታለች!" ከዚያ ከባናው ጫፍ የበግ ጠጉር ነጨት አድርገው ቆርቆሮውን ከፈቱና ክኒኖቹ ላይ ጠቀጠቁት። ድምፁ ጠፋ። የግራ ጫማዬ ሶል ግን ጭቃው ውስጥ ቀረ፤ በገመድ አስረን ቀጠልን።

የለጋምቦን ሜዳ እንዴት ላሳያችሁ? ዛፍ የለውም። ሣሩ አጭር፣ ሰማዩ ቅርብ ነው። ሰው ከሩቅ ብቅ ሲል ሰላምታው ቀድሞ ይደርሳል፤ መነሻው የቤተሰብ ደህንነት፣ መድረሻው የከብት ነው፣ መሐሉ ላይ "አልሐምዱሊላሂ" እና "እግዚአብሔር ይመስገን" ይፈራረቃሉ፤ ክርስቲያኑ በመጀመሪያው፣ እስላሙ በሁለተኛው ቢመልስ ማንም አይገረምም። ያን ሳምንት ግን ረሃብ የነቀለው፣ ከቆላው ሽቅብ የሚወጣ ሌላ ሰው ነበረ። ዕቃ አልያዘም። ሰላምታችንን በከንፈሩ ብቻ ይመልሳል።

የመሸብን መንገድ ዳር ያለች የባልና ሚስት ጎጆ ዘንድ ነው። ሽማግሌዎች ናቸው። ሴትዮዋ የገብስ ቆሎ በሰፌድ አቀረቡልንና እራሳቸው አልነኩም። ባልየው ወዴትና ምን ይዘን እንደምንሄድ ሲሰሙ ቆርቆሮውን ልይ አሉ።

"የምን መድኃኒት ነው?"

"የደም ብዛት።"

"በዚህ ዘመን ደም የበዛበት ሰው አለ?" አሉ። ሚስትየው በዓይናቸው ገሠጿቸው፤ ሰውዬው ግን መቀለዳቸው አልነበረም። ትንሽ ቆይተው "ለረሃብ የሚሆን ክኒን አልሠሩም?" አሉኝ።

አልሠሩም አልኳቸው። ተማሪ ሆኜ እንደዚያን ምሽት ትምህርቴ ያነሰብኝ ጊዜ የለም። ቆሎውን ቆጥቤ ለመብላት ሞከርኩ፤ አያ ሙሄ ግን ሲነሡ ከጫኑት ጨው አንድ አሞሌ ለሴትዮዋ ትተው ወጡ።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ መካነ ሰላም ገባሁ፤ ጫማዬ በገመድ እንደታሰረ። ከተማዋ ሰፋ ያለ ገበያ፣ ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶች፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ አላት። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ "አዲስ አበባ እንዴት ናት? እውነት ወታደሩ ተነሥቷል?" ይለኝ ነበር። የማውቀውን ያህል እየተናገርኩ፣ የማላውቀውንም እየጨመርኩ፣ የየኔታ ቤት ደረስኩ።

እልፍነሽ በር ላይ አቀፈችኝና አለቀሰች። ከኋላዋ መደብ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። እንግዳ መሰሉኝና "የኔታስ የት ናቸው?" አልኳት። ሽማግሌው ሳቁ። ሳቃቸው ብቻ ነበር የየኔታ። ያ ደልዳላ ፊት ጎድጉዶ፣ ቀሚሱ ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ጉልበታቸውን ስሜ ቀና ማለት አቃተኝ፤ ዕንባዬን በቀሚሳቸው ጠረግሁት።

"በሽታው እንዲህ አድርጎ በላቸው" አለች እልፍነሽ።

ወዲያው ቆርቆሮውን አወጣሁ። "የኔታ፣ ወተት የለበትም። መጠፍጠፊያው የበቆሎ ስታርች ነው። የጾም ክኒን ነው ያመጣሁልዎት!"

ክኒኗን ተቀብለው እንደዚያን ጊዜው መዳፋቸው ላይ አገላበጧት። ከምን እንደተሠራች ጠየቁኝ፤ እንደ አያ ሙሄ ሁሉንም ነገርኳቸው። "ጥቁር ሆኖ ገብቶ፣ በእሳትና በበረዶ አልፎ፣ ነጭ ሆኖ ወጣ በለኛ!" አሉ ተደስተው። "ደግ ሥራ ነው። ከቅዳሴ በኋላ እወስደዋለሁ፤ አሁን ሰዓቱ አይደለም።"

የዐቢይ ጾም ቅዳሴ የሚወጣው ዘጠኝ ሰዓት ነው። እስከዚያ ምን ልሥራ? ቤተ ሙከራ ያስለመደኝ አንድ ነገር አለ፤ ማንኛውም ነገር ከመጨመሩ በፊት ይለካል። ስለዚህ ክሊኒክ ሄጄ ድሬሰሩን ለመንኩት። ድሬሰር ማለት ያን ጊዜ ሐኪም በሌለበት ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ሁሉንም የሚሆን ባለሙያ ነው። የደም መለኪያውን በትከሻው አንግቶ መጣ።

የየኔታን ክንድ አሥሮ ለካ። ፊቱ ተለወጠ። ሌላውን ክንድ ለካ። "መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል" አለና የእኔን ክንድ ለካ። የእኔ ትክክል ነበር። የእልፍነሽን ለካ፣ ትክክል ነው። እንደገና ወደ የኔታ ተመለሰ። ከዚያ በጆሮው የሰካውን አውልቆ ወደ ደጅ ጠራኝ።

"እኒህ ሰው ደም ብዛት የለባቸውም" አለኝ። "ነበረባቸው፤ አሁን የለም። እንዲያውም እጅግ ወርዷል። የወደቁት ደም ራሳቸው ላይ ወጥቶ አይደለም፤ ራሳቸው ላይ የሚወጣ ደም አጥተው ነው። ያንን ክኒን ዛሬ ብትሰጣቸው ነገ ለቀብራቸው ትቆም ነበር።"

"ታዲያ በሽታቸው ምንድን ነው?"

"አላየህም እንዴ? ረሃብ ነው።"

ትርፍ ጨውና ትርፍ ውሃ ያስወጣል ብዬ ነበር ለአያ ሙሄ። እኒህ ሰውዬ ላይ የቀረ ምን ትርፍ ነበረ?

እልፍነሽ ግን አላመነችም። "እንዴት ሊራቡ? በየቀኑ አገልግል ሞልቼ ቤተ ክርስቲያን እልክላቸዋለሁ፤ ከቅዳሴ በኋላ እዚያው ይበላሉ። ባዶውን ነው የሚመልሱልኝ።" ይህን ስትል ነገሩ ገባት። "ባዶ ሲመለስ በሉ እያልኩ ደስ ይለኝ ነበር" አለች ቀስ ብላ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ቆሜ አየሁት። ከቆላው የመጡት ሰዎች በቅጥሩ ሥር ተደርድረው ተቀምጠዋል። የኔታ በመቋሚያቸው ተደግፈው ወጡና አገልግሉን ከፍተው ከዳር ጀመሩ። ጣታቸውን እንኳ አልላሱም። እኔን ሲያዩኝ እንደተያዘ ተማሪ ደነገጡ።

"የኔታ፣ እንዲህ ሆነው ይሞታሉ" አልኳቸው።

"እነሱስ?" አሉኝ።

ማታ እልፍነሽ ለመነች፣ እኔ ለመንኩ፣ አያ ሙሄ ለመኑ። የኔታ ሁላችንንም በጥቅስ ረቱን። ቅኔ ያስተማረን ሰው በክርክር ማሸነፍ የት ይገኛል! "ደጄ ላይ ሰው እየወደቀ፣ በጾም ላይ፣ ሆዴን ልሙላ?" ይሉናል።

በአምስተኛው ቀን ማለዳ እልፍነሽ ነጠላዋን አጣፍታ "አንድ ሰው አለ፤ እሱን እንቢ አይሉትም" አለችኝ። ወደ ቄስ ላቀው ሄድን። ቄስ ላቀው የየኔታ የነፍስ አባት ናቸው፤ በልጅነታቸው ደግሞ የየኔታ ተማሪ ነበሩ። የኔታ ያስተማሩትን ልጅ ለንስሐ አባትነት መርጠውት ነበር። ነገሩን ሰምተው መስቀላቸውን ይዘው ተነሡ።

የኔታ የነፍስ አባታቸውን ሲያዩ ከመደቡ ወርደው ቆሙ።

"መርጌታ፣ ምግብዎን ደብቀው ሲሰጡ ለእኔ አልነገሩኝም" አሉ ቄስ ላቀው።

"ምጽዋት በስውር ነው ተብሏል፣ አባቴ።"

"ልክ ነው፤ እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ። ግን ራስን መግደል በስውርም በግልጽም አልተፈቀደም። ስለዚህ ቀኖና እሰጥዎታለሁ። ስግደትዎን አንሥቻለሁ። ጾምዎን አንሥቻለሁ፤ ሕሙም ነዎት። እስከ ትንሣኤ በየቀኑ ጠዋትና ማታ፣ የቀረበልዎትን ሁሉ፣ ሳያካፍሉ፣ ጨርሰው ይበላሉ። ቀኖናዎ መብላት ነው።"

የኔታ ጎንበስ ብለው ለመኑ። "አባቴ፣ ሺህ ስግደት ይዘዙኝ። ይኸ ይከብዳል።"

"ስለሚከብድ እኮ ነው ቀኖና የሆነው" አሉ ቄስ ላቀው፤ እሳቸውም ያለቅሱ ነበር። "ለእነዚያ ያሰቡትን እኛ እንወጣዋለን። ካህናቱ ሁሉ ከነገ ጀምሮ በተራ አገልግላችንን እናመጣለን። እስከ ዛሬ ለብቻዎ መሸከምዎ ለእኛም ነውር ነው።"

አያ ሙሄ ደጃፉ ላይ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ። "ጨዉን በገብስ ለውጫለሁ፤ ሁለት ጭነት አለ። ዘካ ያለብኝ ሰው ነኝ፤ ተዚህ ባራግፈው ተተቀበላችሁኝ" አሉ።

እልፍነሽ የገብስ ገንፎ አቀረበች፣ መሐሉ ላይ የተልባ ወጥ። የኔታ አማትበው አንድ ጊዜ ጎረሱ። ሁለተኛው ጉርሻ እጃቸው ላይ ቆመ። በዚህ ጊዜ ከቅጥሩ ሥር ከነበሩት አንዷ፣ ልጅ ያዘለች ቀጭን ሴት፣ ከደጃፉ ብቅ አለች። ወሬው ደርሷት ኖሯል።

"ይብሉ አባ" አለች። "እኛን እስከ ዛሬ ያቆዩን እርስዎ ነዎት። ወድቀው ካየንዎ ማን አለን? እስኪጨርሱ ተዚህ አልነቃነቅም።"

ደፉ ላይ ተቀመጠች። እልፍነሽ ለእሷም በጣባ ሰጠቻት፤ ሴትዮዋ ግን የኔታ ሳይጎርሱ አልነካም አለች። የኔታም አዩዋት፤ ጎረሱ። እሷም ጎረሰች። ገንፎው ላይ ዕንባቸው ይንጠባጠብ ነበር፤ እኔም ዛሬ ይህን ስጽፍ ደህና አይደለሁም።

ከዚያ በኋላ መካነ ሰላም ጥቂት ቀን ሰነበትኩ። ጠዋት ጠዋት ቀኖናቸውን ሲፈጽሙ አጠገባቸው እቀመጣለሁ፤ እሳቸውም ፊታቸውን እያጨማደዱ ይበላሉ፤ እንደ ኮሶ የሚጠጡት ይመስላል። ድሬሰሩ በየማለዳው እየመጣ ይለካል፤ አንድ ቀን ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ሲል ሁላችንም በደስታ ተያየን። ከሰዓት በኋላ ካህናቱ በተራቸው አገልግል ተሸክመው ሲሄዱ ከደጃፍ እናያቸዋለን። ጫማዬን የገበያው ጫማ ሰፊ በጎማ ሶል ሠራልኝ። ከተሠራም በኋላ ከአዲሱ ይበልጥ ቆየ።

ስመለስ ቆርቆሮውን ይዤው ተመለስኩ። እልፍነሽ "ተወው፣ ምናልባት" ብላኝ ነበር፤ ፈርቼ አልተውኩትም። የለጋምቦ ሜዳ፣ የእትዬ ዘሀራ ሽሮ፣ የጉጉፍቱ ብርድ፣ ደሴ፣ ሁሉም በመጡበት መንገድ ወደ ኋላ ሄዱ። ከደሴ እስከ ካራቆሬ ያሉት ሰዎች ግን በዝተው ነበር። አውቶቡሱ ውስጥ የተማረ የመሰለኝ አንድ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ መንግሥት ሊወድቅ እንደሆነ በሹክሹክታ አስረዳኝ። እኔ ግን የኔታ ተደብቀው ከሰዓት በኋላ አገልግል ይዘው ይወጡ ይሆን እያልኩ ነበር።

መንግሥቱም ወደቀ። ክረምቱ አለፈ፤ በዚያ አገር ደህና ዘነበ ሲባል ሰማሁ፤ ከዚያ በላይ ወሬ አልመጣልኝም። ቆርቆሮው መደርደሪያዬ ላይ ተቀምጦ ሳየው ይከፋኛል። በአዲሱ ዓመት፣ ገብስ ከተሰበሰበ በኋላ፣ እኔ ለተማሪዎች የገጠር ዘመቻ ለመሄድ ዕቃዬን ስጠቀልል በሩ ተንኳኳ። አያ ሙሄ ባናቸውን ተሸክመው ቆመዋል። ይግቡ ሳልላቸው የኔታ እንዴት እንደሆኑ ጠየቅሁ።

"መርጌታ ልከውኝ ነው" አሉ። "ድሬሰሩ ለክቷቸው ደሜ ተመልሷል፣ እንደ ድሮው በዝቷል፤ ያን የከሰል ክኒን ይላክልኝ ብለውሃል።"

ባለሁበት ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረ፣ ተመልሶም ሳቅ ሆነ። ቆርቆሮውን አውርጄ ስከፍተው የለጋምቦው በግ ጠጉር እንደተጠቀጠቀ አለ።

አያ ሙሄ ባናቸውን ከትከሻቸው እያወረዱ ትክ ብለው አዩኝ። "ሰው በሽታ ተመለሰ ሲባል ይስቃል እንዴ?" አሉኝ። እሳቸውም ይስቁ ነበር።